በዋርሳው የቀለደው ደላላ

ሞርዲያሎክ ከሚባለው ጣቢያ ሳንደርስ ባቡሩ ተቋረጠና ሁላችንም ወርደን በምትኩ በመጣው አውቶቡስ ውስጥ ታጨቅን። ሐዲድ እየጠገንን ነው እያሉ በየሁለት ወሩ እንዲህ ያደርጉናል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጥቁር ለብሰዋል፤ ጭናቸው ላይ በፎይል የተሸፈነ ሰፊ ትሪ ይዘዋል። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ትሪው ወደ እኔ ተንሸራተተና ያዝኩላቸው።

«እንደያዝሽው ቆዪ» አሉኝ፤ አመሰግናለሁ አላሉም። «ሰማንያ ሳንድዊች ነው። ለሟቹ ከሆነ ቢደፋም ግድ የለኝም፤ ዳቦው ግን ምን በደለ?»

የማን ቀብር እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የእህታቸው ባል ነው። ነፍስ ይማር አልኩ፣ ሰው የሚለውን።

«እሱ የእግዜር ሥራ ነው» አሉ ወደ መስኮቱ ዞረው። «እኔ አልጠየቅሁትም።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ዝም ማለት አልችልበትም። ባለቤቴ፣ አንቺን ወሬ ካለበት አውቶቡስ የሚያወርድሽ ፖሊስ ብቻ ነው ይለኛል። መውረጃዬ ሁለት ፌርማታ ቀርቶት ነበር፤ አለፈኝ፤ እኔም አላዘንኩም።

ስማቸው ኖሊን ነው፤ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው። ሟቹ ዴስ ማካርዴል ይባላል፤ የአክሲዮን ደላላ የነበረ። ስሙን ስሰማ ደንገጥ አልኩ፤ በዚህ የባሕር ጠረፍ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋላ። የገና በዓል ሲደርስ በባሕር ነፍስ አድኖቹ ጀልባ ላይ እንደ ገና አባት ቀይ ለብሶ ቆሞ ለልጆች ከረሜላ የሚበትነው እሱ አይደለም ወይ አልኳቸው።

«እሱ ነው» አሉ። «ሆዱ ትራስ አያስፈልገውም ነበር።»

ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያነሳ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብሎ ነው የሚጀምረው። እሳቸው አላሉም። በቀጥታ ገቡበት።

ዴስ የባለ ሥጋ ቤት ልጅ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ደብዳቤ አመላላሽ ሆኖ የደላሎች ቢሮ ገባ፤ ሠላሳ ሳይሞላው ገበያው አዳራሽ መሃል ቆሞ የሚጮኸው እሱ ሆነ። ያኔ ኮምፒዩተር የለም። ደላሎቹ ከታች ገዛሁ፣ ሸጥኩ እያሉ ይጯጯሃሉ፤ ግድግዳውን ሙሉ በያዘው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ደግሞ ከፍ ባለ የእንጨት መተላለፊያ ላይ ጠመኔ የያዙ ጸሐፊዎች ወዲያ ወዲህ እየሮጡ የተጠራውን ዋጋ ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ። የዴስ ድምፅ የመርከብ ጡሩምባ ነበር። ምሳ በሚበላበት ቤት አስተናጋጆቹን ሁሉ በስማቸው ይጠራል፤ የልጆቻቸውን ፈተና ሳይቀር ያስታውሳል። ገበያ በቀዘቀዘ ቀን የሌላውን ደላላ የጫማ ማሰሪያ ከወንበሩ ጋር ያስርና ጥግ ይዞ ይጠብቃል።

ቤቱ ውስጥ ሁለት ማቀዝቀዣ ነበረው፤ አንዱ ለምግብ፣ አንዱ ለቢራ። እሑድ እሑድ ጓሮው ውስጥ ሽሪምፕ እየጠበሰ ሃያ ሰው ያበላል። ባቡር ላይ ብቻውን ያየውን ሰው ምሳ ይዞት ይመጣል። አንዴማ ያለ ትኬት ሲሄድ ይዞ የቀጣውን ተቆጣጣሪ ይዞት መጥቷል። ከሚስቱ ከግሌኒስ፣ ማለትም ከኖሊን ታላቅ እህት ጋር ወጥ ቤት ውስጥ ሲጨፍሩ ስንት ድስት አሳርረዋል። አራት ልጆች ወለዱ። ልጅ ሲታመም ዴስ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ነበር የሚተኛው።

«ውሸት ነው አልልሽም» አሉኝ። «ሁሉም እውነት ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው።»

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባል ሰው አለ፤ እሱም እንደዚያ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንደሱማ ቢሆን በቀለለኝ። ለቤትም ለውጭም አልጋ ነው። ቀጋው የተረፈው ለእኔ ብቻ ነው።»

ነገሩ የሆነው ከአርባ ዓመት በፊት ነው። ኖሊን ጠመኔ ከያዙት ጸሐፊዎች አንዷ ነበሩ፤ ሥራውን ያስገኘላቸውም ዴስ ነው። ከሠላሳ ወንድ መሃል ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። እጄ ከሁሉም ይፈጥን ነበር አሉኝ፤ ይህን ሲሉ ብቻ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ሁለት ሕግ ነበረ። ከታች የተጠራውን ትጽፊያለሽ፤ ከታች አጥፊ እስኪሉሽ አታጠፊም። ሰሌዳው ላይ ለተጻፈው ደግሞ የሚጠየቀው ጠመኔውን የያዘው ነው።

የትልቁ የፈረስ ውድድር ዋዜማ ነው። ነገ በዓል ስለሆነ ሥራ የሚሠራ የለም፤ ሁሉም የሚያወራው ስለ ፈረስና ስለ ምሳ ነው። ዴስ ከታች ሆኖ ኖሊንን ጠራና ከሰሌዳው ግርጌ ባዶ መስመር ላይ «ቢስኪት ማዕድን» ብለሽ ጻፊ አላቸው። እንዲህ የሚባል ኩባንያ የለም። ቢስኪት የዴስ ውሻ ነው። ኖሊን አመነቱ፤ እሱ ደገመው፤ አዳራሹ ሳቀ፤ ጻፉ። ወዲያው አንዱ ሁለት ሳንቲም ብሎ ጠራ፤ ሌላው አምስት፤ ሌላው ስምንት። እሳቸው እየሮጡ ጻፉ። ዴስ እንባው እስኪፈስ ስቆ ለነገው ምሳ ጠረጴዛ ለማስያዝ ወደ ስልኩ ክፍል ገባ።

እዚያ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ከዳር ቆሞ ወደ ገጠር ቅርንጫፍ ዋጋ የሚያስተላልፍ አንድ ሰው ቀልዱን አልሰማም፤ ሰሌዳው ላይ ያየውን አነበበ። ገጠር ያለ አንድ ጡረተኛ በግ አርቢ፣ ዋጋው እንዲህ እየወጣ ያለ ነገር ምን ቢሆን ነው ብሎ ግዙልኝ አለ። ትዕዛዙ አዳራሹ ውስጥ ሲጠራ ኖሊን ወደ ሰሌዳው ዞሩ። በአንድ እጃቸው ጠመኔው፣ በሌላው ጨርቁ አለ። አጥፊ የሚል ግን የለም። ወንዶቹ ይስቃሉ። የስልኩን ክፍል በር እያዩ ዴስን ጠበቁ። ሃያ ደቂቃ ቆሙ።

«ባጠፋው ኖሮ ስንት ነገር ይቀር ነበር» አሉኝ። «ግን ሕጉን የማከብር መስሎኝ፣ ጨርቄን ይዤ እንደ ሐውልት።»

አለቃው መጥቶ ይህን የጻፈው ማነው አለ። ዴስ ያን ጊዜ ከስልኩ ክፍል ወጣ። አለቃውን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ የሚስቱን እህት አየ። ከዚያ ሳቅ እያለ፣ «ኖሊን ናት፤ ውሻዬን ከእኔ አብልጣ ትወዳለች» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ኖሊን ከሥራ ተባረሩ።

በማግስቱ ጠዋት ግሌኒስ የመጨረሻውን ልጅ እያጠባች አለቀሰችባቸው። እውነቱ ከወጣ የዴስ ፈቃድ ይነጠቃል፤ አራት ልጅ ይዤ የት እገባለሁ አለች። ኖሊንም ሆድ ይፍጀው ብለው፣ እሱ በሕይወት እያለ ከአፌ አይወጣም ብለው ቃል ገቡላት። ዴስ ራሱ ይቅርታ አልጠየቀም። አንድ ቀን ስቀንበት እናልፋለን ነው ያለው። የሚቀጥለው እሑድ ጓሮው ውስጥ ከእንግዶቹ አንዱ ኖሊን ለምን ሥራ እንዳቆሙ ሲጠይቅ፣ ዴስ መጥበሻውን አስቀምጦ ታሪኩን ተናገረ። ዋርሳው፣ የሚስቱ እህት፣ በገዛ ጭንቅላቷ ውሻውን ገበያ ያወጣችበትን ታሪክ። የእሳቸውን ሩጫ፣ ጨርቁን ይዘው መድረቃቸውን፣ ሁሉንም ተወነው።

«ያስቃል እኮ» አሉኝ። «ይችልበታል። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ባልስቅ ኖሮ።»

ከዚያ አርባ ዓመት ሙሉ ተነገረ። በሠርግ፣ በክርስትና፣ በገና ምሳ፣ አዲስ ጎረቤት በመጣ ቁጥር። ኖሊን ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሥጋ ፓይ ሸጡ፤ ጡረታ ሲወጡ በሽኝታቸው ላይ ዴስ ማይክራፎን ተቀብሎ ይህንኑ ተናገረ። ከረሜላ ሲበትን ያየሁት ሰውዬ ትዝ ብሎኝ፣ ምናልባት ኋላ ላይ ተጸጽቶ ይሆናል አልኳቸው፤ ለእርስዎስ ምንም ደግ ነገር አላደረገም?

አድርጓል። ካንሰር የያዛቸው ጊዜ አሥራ ስምንት ቀን በመኪናው ሆስፒታል አመላልሷቸዋል፤ አንድም ቀን አልቀረም።

«አመላልሶኛል። እዚያም መርፌው ክንዴ ላይ እንደተሰካ ለነርሶቹ የውሻውን ታሪክ ነገራቸው። እንደዚህ በሐዘኔታ አትይኝ፤ ይልቅ ትሪውን ቀና አድርጊው።»

ዛሬ ምን እንዳሰቡ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። የሚቀብሩት እሱን ነው፤ ሰዉ ታሪኩንም አብሮ ከቀበረው እሳቸው ሳንድዊቹን አስቀምጠው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ካነሣው ግን እሳቸው ይናገራሉ። ቃሉ እሱ በሕይወት እያለ ነበር፤ አሁን የለም። የሚያስፈራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኖሊን አላገቡም፣ አልወለዱም። ግሌኒስም ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። የዴስ ትልቋ ልጅ ጃሲንታ በየሳምንቱ ሐሙስ ቤታቸው እየመጣች መድኃኒታቸውን ትደረድርላቸዋለች፣ ሻይ ትጠጣለች፣ ትሟገታቸዋለች። ሌላ የሚጠይቃቸው ሰው የለም። ጃሲንታ ደግሞ አባቷን ታመልካለች።

ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ትሪውን ተሸክሜ አብሬ ወረድኩ። ቤተ ክርስቲያን ድረስ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ቦታው ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሟል። ሣጥኑ ላይ የሚደግፈው የእግር ኳስ ቡድን ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ሻርፕ ተዘርግቷል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲሸነፍ ያየው ቡድን። ጃሲንታ ቁመቷ ረዥም፣ ድምፅዋ የአባቷ፣ ወጥታ ስለ እሱ ተናገረች። ሰዉ ስቆ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ፤ አልዋሽም። ያገኘው ሰው ሁሉ ዘመዱ እንደነበር፣ እቤታቸው በር ተዘግቶ እንደማያውቅ ተናገረች። ኖሊን የእጄን አንጓ ይዘው ነበር፤ ንግግሩ ወደ ማለቂያው ሲደርስ እጃቸው ላላ አለ። ያን ጊዜ ጃሲንታ ፈገግ ብላ፣ የውሻውን ታሪክ ያልተናገርኩት ረስቼው አይደለም፣ ከቀብሩ በኋላ ክበቡ ውስጥ ክላይቭ ይነግራችኋል፣ ከአባዬ ቀጥሎ የሚችልበት እሱ ነው አለች። ሰዉ ገና ሳይሰማው ሳቀ።

ኖሊን እጄን ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ትቻቸው መሄድ አልቻልኩም።

ከቀብር መልስ ሣር ላይ ኳስ የሚያንከባልሉ ሽማግሌዎች ክበብ ውስጥ ተሰበሰብን። ሶሴጅ ሮል አለ፣ ቢራ አለ፣ የኖሊን ሳንድዊችም ከመሃል ተቀምጦ ተበልቶ ሊያልቅ ደርሷል። ክላይቭ ከዴስ ጋር አዳራሹ ውስጥ የቆመ የድሮ ደላላ ነው፤ ያኔ ስምንት ሳንቲም ብሎ የጠራው እሱ ነው። ጃሲንታ ማይክራፎኑን ሰጠችው። የዴስን ድምፅ አወጣ፣ የዴስን አረማመድ አመጣ። የኖሊንን ሩጫ ሲያሳይ ወገቡን እንደ ሴት አወዛወዘ። ሕፃናት ሳይቀሩ እየተንከተከቱ ነው። አለቃው ማን ጻፈው አለ ብሎ እጁን ወደ ኖሊን ሲዘረጋ ግን ቀሪውን እሱ አልተናገረም። ለካ ልማድ ነው። ክበቡ ሙሉ፣ ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ የልጅ ልጆቹ፣ እንደ ጸሎት ተቀባይ በአንድ ድምፅ «ውሻዬን ከእኔ አብልጣ ትወዳለች» አሉ።

ኖሊን ተነሡ። አልቸኮሉም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

«ክላይቭ፣ ጻፊ ያለኝ ማነው?»

ክላይቭ የጨዋታው ቅጥያ መስሎት ሳቀ። ጥያቄውን ደገሙለት። አንዳንዱ ሰው አሁንም ይስቃል። ክላይቭ ቢራውን አየ፣ ጃሲንታን አየ፣ መውጫ አጣ።

«ዴስ ነዋ» አለ። «ሁላችንም እናውቃለን እኮ፣ የኔ ቆንጆ። አዳራሹ በሙሉ ሰምቷል። ቀልዱ እሱ አይደል?»

ኖሊን ይህን አላሰቡትም፤ አርባ ዓመት ብቻቸውን የተሸከሙት ምሥጢር መስሏቸው ነበር። ከዳር ዳር የተቀመጡትን የድሮ ደላሎች በየተራ አዩዋቸው። አንዱ ፎይል ያጣጥፋል፤ አንዱ ጫማውን ያያል። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

ጃሲንታ ወደ እሳቸው መጣች። ፊቷ ቀልቷል።

«አባዬ ነው ያስጻፈሽ? እማዬስ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

«እና ዛሬን መረጥሽ። አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ።»

«ማይክራፎኑን የሰጠሽው አንቺ ነሽ።»

«በየሐሙሱ ስመጣ አፍ አልነበረሽም፣ አክስቴ?»

«ቃል ነበረብኝ» አሉ ኖሊን። «ለእናትሽ።»

ጃሲንታ ወደ ወጥ ቤት ገብታ ሳህን ማንኳኳት ጀመረች፤ የታጠበውንም መልሳ ያጠበች ይመስለኛል። አንድ ሰው ሙዚቃ ከፈተ። ወደ ኖሊን የሄደ አንድም ሰው አልነበረም። ከኋላዬ አንዷ፣ አሥራ ስምንት ጊዜ ሆስፒታል ላመላለሳት ሰው ይህ ነው ምላሹ ስትል ሰማሁ። ሌላው ሙት ወቃሽ አለ። መመለስ ነበረብኝ፤ የታሪኩን ልክ ከእሳቸው አፍ የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ግን ማን ነሽ የሚለኝን ፈርቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለዚያው ሰውዬ ያፈሰስኩት እንባም ገና ጉንጬ ላይ እንዳለ ተሰምቶኝ ዝም አልኩ።

ታክሲ ጠራሁላቸው። በሩ ጋ ስንደርስ ጃሲንታ ካፖርታቸውን ይዛ መጣች። ትከሻቸው ላይ አላደረገችላቸውም፤ ክንዴ ላይ አስቀመጠችው።

«ነፋስ አለ» አለች ለእኔ፤ እሳቸውን ሳታይ ተመለሰች።

ደጅ በእርግጥም የባሕሩ ነፋስ ይገርፋል። ካፖርቱን አለበስኳቸው። ቀለል አለዎት ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ካወጣ በኋላ ይቀለዋል ሲባል ስለምሰማ። ምንም አልቀለለኝም አሉ። ያ ሁሉ ሰው እያወቀ ሲስቅብኝ እንደኖረ ነው ዛሬ የሰማሁት፤ በምን ይቅለለኝ አሉ። ታክሲው መጣ። እግራቸውን በእጃቸው እያነሱ ገቡና ወንበሩ ላይ ተደላደሉ። በሩን ከመዝጋቴ በፊት አላስችል አለኝና፣ ጃሲንታ የፊታችን ሐሙስ የምትመጣ ይመስልዎታል ወይ አልኳቸው።

«ከመጣች ሻይ አለ፤ ካልመጣችም አለ» አሉኝ። «የውሻውን ታሪክ ግን ከእንግዲህ የምናገረው እኔ ነኝ። እኔ ስናገረው ደግሞ አያስቅም።»